ያልፈነዳው ቱቦ

ሟቹን ከከባድ መኪናው ጋቢና ሲያወጡት ሁለት እጁ መሪውን እንደጨበጠ ደርቆ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ካለው ጠባብ ኩርባ ላይ መጠምዘዝ አቅቶት ከነጭነቱ ግንብ ውስጥ ገብቷል።

በማግስቱ መርማሪዋ የድርጅቱ ግቢ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ጠበቃት። «እንቅልፍ ወስዶት ነው፤ እኔም ከመሾሜ በፊት መካኒክ ነበርኩ፣ አውቀዋለሁ። ካልሆነም መካኒካችንን ይጠይቁ፤ መሪ የሚጠግነው እሱ ነው።»

መካኒኩ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል፤ አንገቱን ግን አልደፋም። «ወንድምህን ገደልክ የሚለኝ ካለ ፊት ለፊት ይምጣ!»

መርማሪዋም አለቃዋ «የሾፌር ጥፋት ብለሽ ዝጊው» ሲላት «ሳላይ አልዘጋም» ብላው ነው የመጣችው። ተጎትቶ የመጣው መኪና አንድ ጎኑ ተጨፍልቋል፤ ሞተሩ ግን ይነሳል። የመሪው ዘይት ሙሉና ንጹሕ፣ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋም የጠበቀ ነው። መሪውን በግፊት ከሚያቀለው ከዚህ ፓምፕ ዘይት የሚወስደው ቱቦ ግን አብጦ ተሰነጣጥቋል።

«ይህ ለምን አልተቀየረም?»

«ሥራ አስኪያጁን ሦስቴ ጠይቄ ተከልክያለሁ» አለ መካኒኩ። «በየሳምንቱ እየፈነዳ ሳስረው ከረምኩ። ከዚያ ሚስቴ ወልዳ ፈቃድ ወጣሁ። ትናንት ጠዋት ስመለስ ወንድሜ ‹ቱቦው ከሄድክ ወዲህ አልፈነዳም፤ መሪው ግን ከበደኝ› አለኝ። ማታ አየዋለሁ አልኩት።»

መርማሪዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እሱ በሌለበት መኪናውን የነካ አለ?»

«ኧረ ማንም! ፓምፑን ማንም አልከፈተም።»

የዕቃ ቤቷ ሠራተኛም «እኔ ምንም አላየሁም» አለች፤ ዓይኗ ግን ከሥራ አስኪያጁ አልተነቀለም።

እኩለ ቀን ላይ መርማሪዋ ሁሉንም መኪናው ዘንድ ሰበሰበች። መካኒኩ ከፓምፑና ከመሪው መካከል የግፊት መለኪያ ገጠመ።

«ሞተሩ ይነሳ። የመለኪያውን ቫልቭ ዝጋው፤ ከአምስት ሰከንድ እንዳታሳልፍ» አለችው።

የመለኪያው ቀስት አርባ ባር ላይ ቆመ።

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«መቶ።»

«ቫልቩ ሲዘጋ ዘይቱ መሪው ጋ አይደርስም። እንግዲህ ድክመቱ የፓምፑ ነው። ፍታው።»

ከፓምፑ ግፊት መቆጣጠሪያ ውስጥ ለሱ ያልተሠራ ቀጭን ሞላ ወጣ።

«እኔን የገረመኝ ቱቦው አለመፈንዳቱ ነው» አለች። «እንዲህ የበሰበሰ ቱቦ መቶ ባር አይችልም። አዲስ መግዛት ያልፈለገ ሰው ሞላውን በቀጭን ቀይሮ ግፊቱን ቀነሰው። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ እምብዛም አያስታውቅም፤ ጭነት ይዞ ኩርባ ሲገባ መሪው ድንጋይ ይሆናል። መካኒኩ ቱቦ ይቀየር ባይ ነው፤ ምን ይደብቃል? እርስዎ ግን ቱቦ ከልካይ ነዎት፤ ከሹመትዎ በፊትም መካኒክ ነበሩ። እኔ መኪናውን ማን ነካ አልኩ፤ የፓምፑን ስም ያነሱት እርስዎ ነዎት።»

«ሞላውን ከኔ ነው የወሰደው!» የዕቃ ቤቷ ሠራተኛ ፈነዳች። «ትንፍሽ ብትዪ አባርርሻለሁ ብሎኝ!»

ሥራ አስኪያጁ ላብ አጠመቀው። «እንዲሞት አስቤ አይደለም...»

«ስለሱ ጭራሽ አላሰቡም። የምጽፈውም ይህንኑ ነው።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ዞሮ ጮኸ፦ «የቀሩት አራት መኪኖች ጭነት ይጠብቃቸዋል፤ ይውጡ!»

መካኒኩ ሄዶ የግቢውን በር ዘጋው። «አይወጡም።»

«በማን ትእዛዝ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በኔ!» አለና መለኪያውን አንስቶ ወደሚቀጥለው መኪና አመራ። ሾፌሮቹም ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተው ተከተሉት።