በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው

መጀመሪያ የመጣው ሊጣላ ነው።

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍት በካሴት የሚቀረጹባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ድምፅ እንዲውጥ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኗል። ከመስታወቱ ወዲህ ማይክሮፎን፣ የውሃ ብርጭቆና አንዲት ወጣት አንባቢ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አዛውንት የቀረጻ ባለሙያ። ልጅቷ ልብ ወለድ ስታነብ ድንጋይ ታስለቅሳለች ይባልላት ነበር። በዚያ ሰሞን የደረሳት ግን ስለ ጥንታውያን ግሪኮች ሳይንስና ሂሳብ የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ነው። «ይኼን ደግሞ ማን ይሰማዋል?» እያለች፣ ቶሎ ልገላገለው ብላ ታነበንበው ጀመር።

የሚሰማው ሰው መጣ። ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ነው። ነጭ በትሩን ከበሩ አስደግፎ ከደረት ኪሱ ካሴት አወጣ።

«ይቅርታ፣ ይኼን ያነበቡት ሴትዮ አሉ?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ድምፅዎ ደስ ይላል፤ እግዜር ያቆይልን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ‹በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው› ሲሉ ለማን ነው የሚሉት?»

ክው አለች። «መጽሐፉ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው።»

«መሆኑን አውቃለሁ። ግን ግሪኮቹ ነገራቸውን ሁሉ የጨረሱት ሥዕሉ ላይ ነው። አሸዋ ላይ መስመር እየጫሩ ነበር የሚከራከሩት ይባላል። እርስዎ ሥዕሉን ዘለው ጽሑፉን ብቻ ሲሰጡኝ፣ ሰርግ ጠርቶ ከደጅ እንደ መመለስ ሆነብኝ።»

ጋሼ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው ሳቃቸውን ለቀቁት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስሙ «አቤቱታ» ሆኖ ቀረ። ራሱም ወደደው። የሂሳብ መምህር ለመሆን የመጨረሻ ዓመት ትምህርቱ ላይ ነበር።

ልጅቷ ያን ቀን ተናዳ ዋለች። በማግስቱ ግን ምዕራፉን እንደ አዲስ ልታነበው ተቀመጠች፤ ሥዕሉ ጋ ስትደርስም «አንድ ክብ አለ፤ ውስጡ ሦስት ማዕዘን አለ» ብላ ገለጸችው። አቤቱታ ሰምቶ ተመልሶ መጣ።

«ሦስት ማዕዘኑ ክቡ ውስጥ ምን ያደርጋል? ጫፎቹ ዳር ዳሩን ይነካሉ ወይስ እንደ እንግዳ መሀል ቤት ቆመዋል?»

ልጅቷ መጽሐፉን ገለጠች። ሥዕሉን ስንት ጊዜ እንዳየችው እግዜር ይወቀው፤ ይኼን ግን አላየችም ነበር።

ማታ ቤቷ ገብታ ከእናቷ የስፌት ሳጥን ወፍራም ክር ወሰደች። እናቷ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በልብስ ስፌት አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ክሬን ምን ልታደርጊው ነው?» ሲሏት «ለሥራ ነው እማዬ» አለች። ክሩን በሙጫ ካርቶን ላይ እያጣበቀች ክብ ሠራች፤ ክቡን በመሀሉ የሚያቋርጥ መስመር፤ ከመስመሩ በላይ ሦስት ማዕዘን።

አቤቱታ ሲመጣ እጁን ይዛ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቱ ክሩን ተከትሎ ዞረ። አንድ ጊዜ ዞሮ ሲጨርስ ደገመው።

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«አንቺ በለኝ እንጂ። ስትጣላኝ ከርመህ ምን እርስዎ አመጣው።»

ፈገግ አለ። «እሺ። ይኼ ከላይ ያለው ጫፍ ምንድን ነው?»

«እሱን ነው መጽሐፉ የሚያወራው። ጫፉን በግማሽ ክቡ ላይ የፈለግህበት ብትወስደው፣ እዚያ ያለው ማዕዘን አይለወጥም። ሁልጊዜ ዘጠና ዲግሪ ነው።»

«የትም ብሄድ?»

«የትም ብትሄድ።»

«ማዕዘኑን አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺን ነው የምጠይቅሽ።»

ልጅቷ እጇን ከእጁ ላይ አላነሳችም። ጋሼ ከመስታወቱ ወዲያ ሻይ ሊጠጡ መውጣት እንዳለባቸው ድንገት ትዝ አላቸው።

እንዲህ ሆኖ መጽሐፉ መጎተት ጀመረ። አንድ ምዕራፍ ሳምንታት ይፈጅ ያዘ። እያንዳንዱን ሥዕል በክር ትሠራዋለች፤ እሱ በጣቱ ይፈትነዋል፤ ከዚያ በቃል እንዴት እንደሚገለጽ ተከራክረው ይስማማሉ፤ ከዚያ ይቀረጻል። የምድርን ዙሪያ በጥላ ስለለካው ሊቅ ያነበቡ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ይዟት ወደ ጎዳና ወጣ።

«ጥላሽ የት ደርሷል?»

«እግሬ ሥር ነው። ትንሽዬ።»

«እኔ ጥላ አይቼ አላውቅም» አለ። «ግን ፀሐይ ፊቴን ለቅቃ አናቴን ስትይዘኝ ሰዓቱ ይገባኛል። ያ ሰውዬ ዱላ ተክሎ ምድርን ለካ። እኔም ዱላ አላጣሁ፤ ትምህርት ቤት ይስጡኝ እንጂ ለልጆቹ እንዲህ አድርጌ ነው የማስተምራቸው።» በትሩን መንገዱ መሀል ቀጥ አድርጎ ሲያቆመው አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያየው ነበር። እሱ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ነገር ግን የሚያውቃት ሰው አለ እንደሆነ በዓይኗ ግራና ቀኙን ትቃኛለች።

ይኼን ቃኘት ማድረጓን አላየም። የሰማው ግን ይመስላል፤ ሳቋ መሀል ላይ ቁርጥ ብሎ ነበርና።

የፈራችው እናቷን ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤት ማየት የተሳነው ባሏን እጁን ይዛ ስታልፍ፣ እናቷ በመስኮት አይተው «ወይ ፍርጃ! ዕድሜ ልኳን ሰው ስትመራ ልትኖር» ብለው ነበር። ያቺ አንዲት ንግግር ልጅቷ ልብ ውስጥ እንደ ፍርድ ተቀምጣለች። እናት አንድ ጊዜ ብለው ረስተዋታል፤ ልጅ ግን አልረሳችም።

«እናትሽን መቼ ነው የማያቸው?» ይላት ነበር አቤቱታ። «አያለሁ» ሲል ደስ ይለዋል።

«ትንሽ ቆይ። ልቧን ላዘጋጀው።»

«የእሳቸውን ነው ወይስ የአንቺን?»

«አቤቱታ አታብዛ» ትለውና ወሬ ትለውጣለች።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ካርቶን ላይ አጎንብሰው፣ እጇ እጁ ላይ እንዳለ፣ በሩ ተከፈተ። እናቷ ናቸው፤ ትከሻቸው ረጥቧል፤ ጃንጥላ ይዘዋል።

«ዝናቡ ሲያጓራ፣ ይቺ ልጅ ጃንጥላዋን ትታ ነው የሄደችው ብዬ…»

ልጅቷ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ፈጥና አነሳች።

እናቷ ልጁን አዩት፤ በትሩን አዩት። «ይኼ ልጅ ማነው?»

አቤቱታ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ሸሚዙን አስተካከለ። ፊቱ ላይ የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ነበረ።

«ከምናነብላቸው ሰዎች አንዱ ነው» አለች።

ድምፅዋ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠች ይመስል ጥርት ብሎ ወጣ። የልጁ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን ላይ እንደሚያርፍ ያጣ ይመስል ትንሽ ቆየ።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አሉ እናቷ።

«አለሁ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።» በትሩን በእጁ ፈልጎ አገኘ። «በሉ ደህና ዋሉ።»

«እየዘነበ እኮ ነው» አለች ልጅቷ።

«ይሰማኛል» ብሎ ወጣ።

በሚቀጥለው ቀጠሯቸው አልመጣም። የቀሩትን ሥዕሎች ብቻዋን ሠራች፣ ብቻዋን ገለጸች፣ መጽሐፉንም ጨረሰችው። አንድ ጠዋት ሥራ ስትገባ ጋሼ መነጽራቸውን እየጠራረጉ ጠበቋት።

«ያ ልጅ መጥቶ ነበር። የመጨረሻዎቹን ካሴቶች ቀደም ብዬ ልኬለት ኖሮ፣ ሰምቶ ሊመልስ ነው።»

«ምን አለ?»

«‹ግሩም ነው፤ አንድም ስህተት የለውም፤ አመስግኑልኝ› አለ።»

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አቤቱታ ስህተት ሳያወጣ የመለሰው ካሴት አልነበረም።

«ሂጂና አነጋግሪው ልጄ» አሏት። «እንዲህ ያለ ነገር ሲያድር ይጠነክራል።»

«ነገ እሄዳለሁ ጋሼ።»

ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ ይተካል። በመጨረሻ አንድ አመሻሽ ላይ እግሯ እሱ ቤት አደረሳት። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ደጃፉ ላይ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ፣ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማች። ደነገጠች። ቆይታ ስታዳምጥ የራሷ ድምፅ ነው፤ ስለ ክቡ፣ ስለ መሀል መስመሩ ታነባለች። ወዲያው ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ፤ ድምፁ ተቋረጠ።

ቤቱ ዝም አለ። «ድምፄ እንኳ አስጠልቶታል» አለች በልቧ። ሳታንኳኳ ተመለሰች።

ጥቂት ቆይቶ ተመርቆ፣ ሩቅ ከተማ የመምህርነት ሥራ አግኝቶ መሄዱን ጋሼ ነገሯት።

ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ልጅቷ ልብ ወለድ ማንበቡን ቀጠለች፤ ድንጋይ ታስለቅሳለች የሚላት ግን ቀነሰ። አንድ እሑድ እናቷ መርፌ እያሾለኩ ድንገት ቀና አሉ።

«ያ ዝናብ ላይ የወጣው ልጅ እንዴት ሆነ?»

ልጅቷ መልስ ልትሰጥ ብላ እንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ዘረገፈችው። እናቷ ልብሱን ከጭናቸው ላይ አንስተው ጎን አኖሩት።

«እጅሽን ስታነሺ አይቻለሁ እኮ። ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ስትዘጊኝ ጊዜ የሌለ ነገር ነው አልኩ።»

«አትቀበይውም ብዬ ነዋ! ያኔ ጎረቤታችንን ምን እንዳልሽ ረሳሽው?»

እናቷ ነገሩን ለማስታወስ ብዙ ደከሙ። ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔ አንድ ቀን በመስኮት ያልኩትን ይዘሽ ነው? ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» ደግሞም እውነቱን ተናገሩ። «አልዋሽሽም፤ ብትነግሪኝ ሳምንት አለቅስ ነበር። ከዚያ እለምደው ነበር።»

ልጅቷ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ትምህርት ቤቱ የከተማዋ ጫፍ ላይ ነው። አቤቱታን በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ገና አፏን ሳትከፍት ቀና አለ።

«አንባቢዬ» አለ። «ጫማሽን አልቀየርሽም።»

ጎኑ ተቀመጠች። መንገድ ሙሉ ስታሰናዳ የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ይቅር በለኝ» ብቻ አለች።

«ድሮ ይቅር ብዬሻለሁ። የሆድ ነገር ሆኖ ነው እንጂ የተናገርሽው ውሸት አልነበረም፤ ከምታነቢላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ።»

«ቤትህ ድረስ መጥቼ ነበር። ድምፄን ከፍተህ ስትሰማ ደረስኩ። ቀጭ አድርገህ አጠፋኸው። ጠልቶኛል ብዬ ተመለስኩ።»

አቤቱታ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«እርምጃሽን የሰማሁ መሰለኝ» አለ። «እሱን ለመስማት ብዬ ነው ያጠፋሁት። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ… ጆሮዬ ነው ያታለለኝ ብዬ ተውኩት።»

ልጆች ኳስ እየተከተሉ በፊታቸው ሮጡ። ከዚያ ማግባቱን ነገራት፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሙዚቃ የምታስተምር ሴት ናት። ደግ ናት አለ። ማንበብ ስትጀምር እንቅልፍ ይጥላታል ብሎ ትንሽ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀችለት።

«እናትሽ በመጨረሻ አወቁ?» አላት።

ይኼን አልነግረውም ብላ ነበር የመጣችው። ለእሱ መዋሸት ግን ሁለተኛ አልሆነላትም።

«አወቀች። ‹ብትነግሪኝ ሳምንት አለቅስ ነበር፤ ከዚያ እለምደው ነበር› አለችኝ።»

«ሳምንት?»

«ሳምንት።»

በትሩን በሁለት እጁ ጨብጦ አገጩን አስደገፈበት።

«ሳምንት እኮ ምንም አልነበረም» አለ። «ደጃቸው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር።»

ደወል ተደወለ። ቆሞ እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው፤ ሄደ።

ቤቷ ስትደርስ መሽቶ ነበር። እናቷ በሩን ከፍተው ፊቷን አዩና ምንም ሳይጠይቁ ቦርሳዋን ተቀበሏት። ያን ሳምንት ሁለቱም፣ አንዳቸው ላንዳቸው እየደበቁ፣ ሲያለቅሱ ከረሙ።