አዲስ መንገድ አይቀደድም

ብሬና ሶረንሰን የመንግሥትን አሠራር አብጠርጥራ እንደምታውቅ አትጠራጠርም ነበር፤ አንዱን ነገር ግን ለዓመታት በስሕተት ነው የተረዳችው። ዋሽንግተን ያለው ምክር ቤት ጊዜያዊውን የበጀት ሕግ ባጸደቀ ቁጥር፣ የመንግሥት ሥራ ሁሉ፣ ነባሩም ገና የታቀደውም፣ በአንድ ላይ የተፈቀደ ይመስላት ነበር።

እናቷ ሎርና በብሔራዊ ደኑ ጽሕፈት ቤት የተራራ መንገዶች ጥገና ኃላፊ ናት። በየዓመቱ መስከረም ሊያልቅ ሲል ቤታቸው ውስጥ የሚወራው ያው ነው፤ ዓመታዊው በጀት አልጸደቀም፣ ቀነ ገደቡ ደርሷል፣ ወይ ጊዜያዊ ሕግ ይወጣል ወይ ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል። አንድ ዓመት ተዘግቶ ሎርና ከሥራ ማጣቷ የተነሣ ጋራዡን ሁለት ጊዜ ቀለም ቀብታዋለች።

ስለዚህ አርብ ከሰዓት የሕጉ መጽደቅ ዜና በስልኳ ሲደርሳት፣ ብሬና የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ የክፍል ጓደኛዋን ዳልተን ፕሩዊትን ሮጣ ያዘችው። ጽሕፈት ቤቱ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያቋቁም ላሰበው የወጣቶች የደን ቡድን ዳልተን ተመርጦ ነበር።

«አለፈ! ሰኞ ጫካ ልትገባ ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ፣ ሴናተር?» እንዲህ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ አልነበረም፤ ክፍሉ በሙሉ ነው።

«እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

«በሒሳብ በየሳምንቱ።»

«በመንግሥት ጉዳይ ማለቴ ነው፣ ደረቅ!»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ምግብ ቤቱ ሄጄ ሚስዝ ቩኮቪችን ደህና ሁኚ እላታለሁ። ሳህን ማጠብ በቃኝ። እጄን እዪው፣ የአያቴን መስሏል እኮ!»

ማታ ሎርና ጭቃ የጠጣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ የቺሊ ወጡን ድስት ከፍታ አሸተተችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ተነፈስን። እስከ ኅዳር አጋማሽ ማንም አይነካንም።»

«የወጣቶቹ ቡድን ሰኞ ይጀምራላ?»

«እሱማ አይጀምርም።»

ብሬና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሕጉ አለፈ አይደል እንዴ፣ እማዬ?»

«ያለፈው ጊዜያዊው ነው፣ የኔ ልጅ። የምክር ቤቱ ሰዎች እስኪስማሙ ድረስ አምና ትሠሩት የነበረውን በአምናው መጠን ቀጥሉ ነው የሚለው። አምና የጠገንነውን መንገድ እንጠግናለን። አምና ያልነበረ መንገድ ግን አንቀድድም። ቡድኑ ደግሞ አምና አልነበረም።»

«ምን ዓይነት ሕግ ነው ይሄ?»

«ያልተስማሙ ሰዎች ሕግ።» ሎርና ፈገግ አለች። «አያምርም፣ ግን ብልሃት አለው። ክርክሩ ሳያልቅ ማንም የራሱን ነገር ሹልክ አድርጎ አይጀምርም፤ የቆመውም አይፈርስም። ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?»

«ምንም» አለች ብሬና። ዳልተን ግን ነገ ጠዋት ሥራውን ሊለቅ ነው።

ሚስዝ ቩኮቪች ጥሏት የሄደን ሠራተኛ መልሳ አትቀጥርም። ጎብኚዎች ከሄዱ ወዲህ ደግሞ በከተማዋ ክረምቱን ሙሉ በሩን የሚከፍት ምግብ ቤት የእሷ ብቻ ነው። ዳልተን የሚኖረው ከሸንተረሩ ማዶ፣ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ልታገኘው አትችልም።

ዝም ብትልስ? ማንም እሷን አይወቅስም። ዳልተንም እንደ አባቱና እንደ ጎረቤቶቹ ዋሽንግተንን ይራገማል። ዋሽንግተን ሩቅ ናት፤ ትከሻዋም ሰፊ ነው፤ አንድ እርግማን ቢጨመርባት ጎንበስ አትልም። ብሬና ይህን ሐሳብ አገላብጣ አየችው፤ ምቹነቱ ራሱ አስጠላት። እርግጠኛ ነኝ ያለችው ዋሽንግተን አይደለችም።

ጠዋት ምግብ ቤቱ በአዳኞችና በእንጨት ቆራጮች ጢም ብሎ ነበር። መስኮቱ ሥር የተቀመጡ ሁለት የክፍሏ ልጆች ገና ከበሩ ስትገባ ለከፏት።

«ሴናተር! ዛሬስ ምን አጸደቅሽልን?»

ዳልተን ሽርጡን ፈትቶ በእጁ ይዞ፣ ሚስዝ ቩኮቪች ወደቆመችበት ባንኮኒ እየሄደ ነበር። ብሬና በጆሮው ለመንሾካሾክ ጊዜ እንደሌላት ገባት።

«ዳልተን፣ ቆይ! ተሳስቻለሁ!»

ሹካዎች ቆሙ። ከመስኮቱ በኩል አንዱ ፉጨት አሰማ።

«ምኑን?»

«ቡድኑ አይጀመርም። ጊዜያዊው ሕግ ነባሩን ያስቀጥላል እንጂ አዲስ አያስጀምርም። እስከ ኅዳር እንደዚሁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ትናንትም አላውቅም ነበር፤ ግን አውቃለሁ አልኩህ።»

ዳልተን አያት። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ። «ለቤቱ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ፣ ብሬና። አባቴ ቦት ጫማውን ሁሉ አውጥቶ ሰጠኝ።»

«ገባኝ። አባትህንም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ሚስዝ ቩኮቪች ከሁለቱ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን ከመነጽሯ በላይ ተመለከተች። «ፕሩዊት፣ ልትለኝ የፈለግኸው ነገር ነበር?»

«ምንም የለም» አለ ዳልተን፤ ሽርጡን አሰረና ወደ ማዕድ ቤት ገባ።

ብሬና ባንኮኒው ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ወደ አባቱ አብራው ለመሄድም ፈረቃው እስኪያልቅ ጠበቀችው።