«እንደተለመደው ሙላው!»

«እንደተለመደው ሙላው!» አሉ አባባ አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው።

ነዳጅ ቀጂው ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ሳይቀር ስለሚታይ ሰፈሩ ሁሉ «ጥርሶ» ነው የሚለው። «ጋሼ፣ መኪና ቀይረው ዝም? ይኼ እንኳ ግብዣ ነበረው!» አለና ወደ ኋላ ዞረ።

«ምን ተቀየረ ትላለህ? ሌላ ሰው ሲሰለቸው የተወው አሮጌ ነው። ሲመጣ ድምፁን አልሰማህም? ወፍጮ ቤት ያለሁ ነው የሚመስለኝ።»

ወሬው ከመኪና ወደ ጉልበት ሕመም፣ ከጉልበት ሕመም ወደ ኳስ ሄደ። ቅመም ከአያቷ ጎን ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሰኞ ለሚጠብቃት የኬሚስትሪ ፈተና እያጠናች ነበር። ማጥናት ከተባለ ነው፤ አንዱን መስመር ደጋግማ ታነባለች፣ ምንም አይገባትም። ድንገት አንድ ሽታ አፍንጫዋን ነካት። የምታውቀው ሽታ ነው። በአሮጌው መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ እያንቀላፋች ያደገችበት የቤንዚን ሽታ።

ቀና ብላ በጎን መስታወቱ አየች። ጥርሶ የያዘው ቱቦ የመጣው ከቤንዚኑ ፓምፕ ነው። ይኼኛው መኪና ደግሞ የሚሄደው በናፍጣ ነው።

አሮጌው መኪና ቅመም ከመወለዷ በፊት የተገዛ ነበር። አባባ እዚህ ማደያ ገብተው የነዳጁን ስም ጠርተው አያውቁም፤ «እንደተለመደው» ካሉ ጥርሶ ይቀዳል፣ እሳቸው ያወራሉ። እናቷ መጋረጃ ትሰፋለች፣ አባባ ያደርሳሉ፤ ቤቱ የሚኖረው በዚህ ነው። መኪናው ሲያረጅ እናቷ በናፍጣ የሚሄድ ቫን አገኘች። ጉልበት አለው፣ ነዳጅ አይበላም አለች። አባባ ግን ልባቸው አልወደደውም። ጠዋት ብርድ ላይ እንቢ ቢልስ? ናፍጣው ቆሻሻ ቢሆንስ? ይኼ ሁሉ ጩኸትስ? በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ከሌላ ማደያ የምታስቀዳው እናቷ ራሷ ነበረች። ዛሬ ግን መጋረጃ የሚሰቀልበት አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ቀድማ ሄዳ ብረቱን እያስመታች ስለሆነ፣ ማስቀዳቱ ለአባባ ቀረ።

ጠዋት እናቷ ከበር ሳትወጣ እንኳ «አባዬ፣ ናፍጣ ነው፣ አደራህን» ብላቸው ነበር። አባባ ፊታቸው ቀላ። «ናፍጣና ቤንዚን የማልለይ ሰው አደረግሽኝ?»

ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ባለፈው ወር የግቢውን በር በመኪናው ፋቁት። ከዚያ መብራት ሳያጠፉ አድረው ባትሪው ሞተ። ያኔ ነው እናቷ ወጥ ቤት ቆማ፣ ወደ መሬት እያየች፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ብትደግም ቁልፉን እቀበልሃለሁ። ከልቤ ነው» ያለቻቸው። አባባ ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ። ቅመምን ደግሞ እናቷ ለብቻዋ ጠርታ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሽው ውጪ። ዓይንሽን ከሱ እንዳትነቅዪ» አለቻት። ቅመም ከአባባ ጋር መዞር ትወዳለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎናቸው ስትቀመጥ ሰላይ የሆነች ይመስላት ነበር።

አሁን ምን ትበል? ብትናገር አለቀ፤ ቁልፉ ሄደ። መንዳት የቀረባቸው አባባን በዓይነ ሕሊናዋ አየቻቸው። ጠዋት ተነሥተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ የሚሄዱበት የሌላቸው አባባ። ዝም ብትልስ? ታንከሩ ውስጥ ትንሽ ናፍጣ አለ፣ ይቀላቀላል፣ ምናልባት ይሄዳል። ኬሚስትሪውም ሁለቱ ፈሳሾች በደንብ ይዋሃዳሉ ነው የሚለው። ችግሩም እሱ ነው። መኪናውን የሸጠላቸው ሰውዬ ጣቱን ቀስሮ፣ «በስሕተት ቤንዚን ከገባበት እንዳታስነሡት! ሳይነሣ ታንከሩን ማጠብ ነው፤ ከተነሣ ግን የሞተሩን ፓምፕ ይበላዋል» ሲል እሷም ቆማ ሰምታለች።

ጥርሶ ክዳኑን ገጠመ። የመኪናውን ጎን መታ መታ አደረገ። አባባ ወደ ቁልፉ እጃቸውን ሰደዱ።

«አባባ፣ አያስነሡት!»

እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው። ደብተሯ ከጭኗ ወደቀ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ቤንዚን ነው የቀዳው» አለች፣ ጥርሶ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መስታወቱን አዩ፣ ቱቦውን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ ውስጥ አውጥተው መሪው ላይ አሳረፉት። ቁልፉ አልዞረም።

ጥርሶ ሲነግሩት ጭንቅላቱን ያዘ። «ወይኔ! የኔ ጥፋት ነው ጋሼ! ዓይኔ የት ሄዶ ነው?»

«አንተ ምን አደረግህ? እንደተለመደው ያልኩህ እኔ።»

«መጠየቅ ነበረብኛ!»

«ስንት ዘመን ያልጠየቅኸኝን ዛሬ ምን ብለህ ትጠይቀኛለህ?»

ከኋላ የተሰለፈው ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። ጥርሶ ሁለት ሰው ጠርቶ፣ ቅመምም አብራ ገፍታ፣ መኪናውን ማደያው ግቢ ካለው ጎማ ቤት አጠገብ አቆሙት። ጎማ ሠሪው ጀሪካንና ቀጭን ቱቦ ይዞ መጣ፣ ከሥር ተንጋለለ። መጋረጃዎቹ እንደተጣጠፉ የኋላ ወንበሩን ሞልተው ተቀምጠዋል። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከግንቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው እንዲህ ጠባብ መሆኑን ቅመም ልብ ብላ አታውቅም ነበር።

ስልኳ ጠራ። «እማ» ይላል። አላነሣችውም። ቆመና እንደገና ጠራ።

«ጎማ ተነፈሰብን በያት» አሉ አባባ መሬቱን እያዩ። «ጎማ ቤት አጠገብ ነን፤ ውሸትም አይባል።»

ቅመም ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ከዚያ ማልቀስ አማራት። ማለቱ ቀላል ነው። «ጎማ ነው እማ፣ እየመጣን ነው» ብላ መዝጋት ብቻ። ጥርሶ አይናገርም፣ ጎማ ሠሪው አይናገርም። ከሰዓት መጋረጃው ይሰቀላል፣ ማታ ሁሉም ራቱን ይበላል። አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

«እናትሽ ጠባቂ አድርጋ እንደላከችሽ አላውቅም መሰለሽ?» አሉ ድንገት።

ጆሮዋ ጋለ። «አባባ...»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት፤ መንገዱን ትተሽ እጄን እጄን ስታዪ።» ባርኔጣቸውን አዞሩት። «ቢሆንም ቅዳሜ እስኪደርስ እቸኩላለሁ። ሰላይም ብትሆኚ ወሬሽ ይጥመኛል።»

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ቅመም መዳፏ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አየችው።

«ጎማ ነው ካልኳት» አለች ቀስ ብላ፣ «ከዛሬ በኋላ ጎንዎት ስቀመጥ ሌላ ነገር አላይም። እጅዎትን ብቻ ነው የማየው። ወሬዎትንም አልሰማም። የዛሬውን ሳስብ ነው የምውለው። ደግሞ እኔ የሌለሁ ቀንስ?»

አባባ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ቁልፉን ትወስደዋለች እኮ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። እንዲህ ሲሆን ሰምታው አታውቅም።

አትወስደውም ልትላቸው ፈለገች። ግን እውነቱን አታውቅም፤ ስለዚህ አላለችም።

«ትወስደው ይሆናል። ከወሰደችው በታክሲ እንሄዳለን። መጋረጃውን አንድ በአንድ ተሸክመንም ቢሆን። እኔ ቅዳሜዬን ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

«በታክሲ ማን ያስገባሻል ይኼን ሁሉ ጨርቅ ይዘሽ?»

«ጥቅልሉ ላይ እቀመጥበታለሁ። ትርፍ ወንበር አልያዝኩም ብዬ እከራከራለሁ።»

አባባ ወደ እሷ ዞሩ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ቀረ። ከዚያ በአገጫቸው እንደገና ወደሚጠራው ስልክ አመለከቱ።

ቅመም አነሣችው።

«እናንተ የት ናችሁ? ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁ ነው!» ከእናቷ ድምፅ ኋላ ግድግዳ የሚበሳ መሣሪያ ይጮሃል።

«ማደያው ጋ ነን እማ። መኪናው በናፍጣ ፈንታ ቤንዚን ተቀዳበት። ሳይነሣ ደርሰንበታል፤ ታንከሩን እያጠቡት ነው። እንዘገያለን።»

መሣሪያው ቆመ። እናቷ እጇን አንሥታ ያስቆመችው መሰላት። ቅመም ዓይኗን ጨፍና ቁጣውን ጠበቀች።

«አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው። ግን... ከፍቷቸዋል።»

እናቷ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማት። «ስጪኝ እስቲ።»

አባባ ስልኩን ከመቀበላቸው በፊት መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ጆሯቸው ላይ አስጠጉት። «ልጄ» አሉ።

ቅመም የሚቀጥለውን ለመስማት ጆሮዋ ቆሞ ነበር። ወር ሙሉ በሁለቱ መካከል ጆሮ ሆና ነበር የከረመችው፤ እሳቸው ምን አሉ፣ እሷ ምን አለች። ተነሣች። ሱሪዋን አራገፈች።

«ጀሪካኑ ሊሞላ ነው፣ ሌላ ይምጣ!» አለ ጎማ ሠሪው ከሥር።

«እኔ አመጣዋለሁ» ብላ ቅመም ወደ ጥርሶ ሄደች። ወደ ኋላዋ አልዞረችም።