ማመም የተወው ጥርስ

አጥናፉ ወፍጮውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ የዱቄት ጉም ውስጥ ሲኖር፣ ጤፉ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ድንጋዩ መወቀር ያስፈልገው አያስፈልገው፣ ከሞተሩ ጩኸት ሥር ለይቶ ይሰማዋል። ጠዋት አማትቦ ያስነሳዋል፣ ሲመሽ «ተመስገን» ብሎ ያጠፋዋል፤ በመሃል ወሬ አያበዛም።

በዚያ ዐቢይ ጾም ግን የታች መንጋጋው አብጦ፣ የተቦረቦረ ጥርሱ ከግንባሩ እስከ ትከሻው እየጠዘጠዘው ድንጋዩን መስማት አቃተው። ሽሮ ልታስፈጭ የመጣችው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሲስተር ሮማን፣ አፉን አስከፍታ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ይሄ መግል ቋጥሯል። ነገ ይምጡና ይነቀል። ችላ ካሉት በደም ሄዶ ልብዎ ላይ ይቀመጣል።»

«ልቤ የፈጣሪ ነው፤ ጥርስ ምን ሊሠራበት ይሄዳል?» አለ፣ ጉንጩን ደግፎ እየሳቀ።

ሚስቱ ዘውድነሽ አልሳቀችም። እሱ ግን ጉጠት ይፈራል፤ ስለዚህ የጥርስ ትል ታወጣለች ወደምትባል ባልቴት ሄደ። እንቧይ ፍም ላይ አጭሳ፣ ጋቢ አከናንባ፣ ጭሱን ባፉ አስገብታ፣ ምራቁን ውሃ ባለበት ጣባ አስተፋችው። ነጫጭ ነገሮች ተንሳፈፉ። ባልቴቷ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«ዋናው አልወጣም። ነገ ተመለስ» አለችው።

በማግስቱ ጥርሱ ዝም አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ቢጉመጠመጥበትም ዝም። አጥናፉም ተመስገን አለ፤ ወደ ባልቴቷም ወደ ሮማንም አልሄደም።

«ሳይነቀል ምኑ ዳነ?» አለችው ዘውድነሽ።

«ያላመመኝን ምን ብዬ ላስነቅለው?»

በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩን አጥፍቶ ዱቄቱን ሲጠርግ፣ ድንጋዩ ሲፈጭ ተሰማው፤ ሩቅ፣ እርጥብ፣ የማይቸኩል። እጁን ቢያሳርፍበት ድንጋዩ ቀዝቅዟል። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለው፣ ሸሚዙን ላብ ያጠምቀው፣ አንድ ቁና ጤፍ አንስቶ ያለከልክ ጀመር። አንድ ቀን ቅዳሴ መሃል ሁሉም ዝም ባለበት፣ አጠገቡ የቆመው ሰው ዞር ብሎ ደረቱን አየና ሁለት እርምጃ ራቀው። አጥናፉ የአፉ ሽታ መስሎት በነጠላው ሸፈነው።

ከቅዳሴ መልስ ስለ በሽታው ሊነግራት ሲጀምር፣ ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃ የምታጥበው ዘውድነሽ፣ «እያኘክ አታውራኝ፤ አይገባኝም» አለችው።

አፉ ባዶ ነበር። ጾሙን ገና አልፈታም።

ያን ጊዜ ፈራ። ውሎ ሲያድር መቆም አቃተው፤ አልጋ ላይ ተደግፎ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል፣ «ሮማንን ጥሪልኝ፤ ዛሬውኑ ትንቀለው፤ ጉጠቱን አልፈራም» ይል ጀመር። ምግብ አቆመ። የሚያወራው ስለ ጥርሱ ብቻ ሆነ፤ ሲያወራም ከዚያ የመፍጨት ድምፅ በላይ ጮክ እያለ ነው።

ሮማን በጠራራ ፀሐይ እየሮጠች መጣች።

«ንቀይልኝ» አላት።

«ይነቀላል ጋሼ። መጀመሪያ ልብዎን ልስማው።»

ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አኖረች። ቦታ ለወጠች፤ ደግማ ለወጠች። ዘውድነሽ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሮማን ቀና ሳትል፣ በእጇ ወደ ውጭ አመልክታ፣ «ያን ወፍጮ አንድ ጊዜ አስጠፉልኝ፤ ልባቸውን ሊያሰማኝ አልቻለም» አለች።

«ወፍጮውማ ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው፣ ሲስተር» አለች ዘውድነሽ።