አመመኝ የማይባልበት ቤት

ብረት አንሺው ጠባቧ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ፣ ብረቱም ጉሮሮው ላይ እንዳረፈ ነበር ጠዋት ያገኙት። ሁለት እጆቹ ከዘንጉ ሥር ታጥፈው ደርቀዋል። ክፍሉ ገና በማለዳው ይወብቃል፤ እሱ ግን እጅጌው እስከ አንጓው የሚደርስ ወፍራም ሹራብ ለብሷል።

መርማሪው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ እስኪመለስ በሩ አጠገብ ቆመ። በመሥሪያ ቤቱ «ቀጮው» ነው የሚሉት። ሸሚዙ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ እንጂ ሰው የለበሰው አይመስልም።

«ጋሼ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» አለው በሩን ሞልቶ የቆመ ጎረምሳ። ጓደኞቹ «ክሬን» የሚሉት ከሟቹ ቀጥሎ ሁለተኛው ብረት አንሺ ነው።

«በሩን ብትለቅልኝ ይበቃኛል።»

ከውስጥ አሰልጣኙ ጠበቀው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ክንዱ ግን የጎረምሳ ነው። እጁን ለሰላምታ ሳይዘረጋ ወደ ወንበሩ አመለከተ።

«ነገሩ ግልጽ ነው ጌታዬ። ማታ ማታ እዚህ ብረት ይገፋል። ከራስጌው ቆማ የምትጠብቀው እህቱ ናት፤ ትናንት ጥላው ሄደች። ብረቱ አሸነፈው። ያቻት፣ ጠይቃት።»

እህትየው የላስቲኩ ወለል ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። እሷም ብረት አንሺ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ዞር ብላ አላየቻቸውም።

«አንተ መቼ አየኸው?» አለ መርማሪው።

«አመሻሽ ላይ እኔ ወደ ቤቴ ስወጣ ደህና ነበር። ጠዋት ስከፍት ይሄው።»

መርማሪው ዘንጉን በዓይኑ ዞረ። ከሁለቱም ወገን ትልልቅ ዲስኮች፣ ከእነሱ ቀጥሎ አንዳንድ መካከለኛ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል ትንሽዬ ዲስክ። በልቡ ደመረ፤ ከነዘንጉ መቶ ሰማንያ ሁለት ተኩል ኪሎ።

«ይህችን የመሰለች ትንሽ ነገር ለዚህ ግንድ ምን ትጠቅመዋለች?»

«እኛ እንዲህ ነው የምናድገው» አለ አሰልጣኙ። «በጥቂት በጥቂት። ለአንተ የሚገባህ አይመስለኝም።»

የአስከሬን ሐኪሟ ብረቱን አስነስታ አንገቱን ስትመረምር መርማሪው ጎንበስ አለ። ሐኪሟ ዝቅ ባለ ድምፅ «ፊት ለፊት ያለው ስብራት ደም አልቋጠረም» አለችው። «ከሞተ በኋላ የደረሰ ነው። ግራና ቀኙ ግን ደም ቋጥሯል። ለጊዜው ለራስህ ያዘው።»

የቀኝ እጅጌውንም ሰበሰበችለት። ከክርኑ በላይ፣ ከክንዱ ኋላ፣ ሥጋው ሊሞላው የሚገባ ቦታ ጎድጉዷል፤ ዙሪያው እንደበሰበሰ ሎሚ ቢጫና አረንጓዴ ሆኗል። የትናንት ቁስል እንዲህ አይሆንም።

መርማሪው ክሬንን ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ወሰደው። ግድግዳው ላይ በገመድ የተንጠለጠለ የሕፃን ጡጦ አየ።

«ይሄ የማን ልጅ ጡጦ ነው?»

ክሬን ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «የሁላችንም ነው ጋሼ። እዚህ ቤት ‹አመመኝ› ያለ ሰው፣ በአሰልጣኛችን ትእዛዝ ጡጦዋን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ሳምንቱን ሙሉ ይሠራባታል። እንግዳ ቢመጣ፣ ጋዜጠኛ ቢመጣ አትወልቅም። እኔ ጣቴ ተሰብሮ አስሬያታለሁ። ይሄን ቁመት ይዤ። እጮኛዬ መጥታ አየችኝ። እስከ ዛሬ ስንጣላ ‹ወተትህን ጠጣ› ትለኛለች።»

«ከዚያ በኋላስ ሲያምህ?»

«ከዚያ በኋላ አሞኝ አያውቅም።»

«ሟቹንስ?»

ክሬን የተዘጋውን በር አየ። «እሱ ሰሞኑን በር የሚከፍተው በጀርባው ነበር። የውኃ ጠርሙስ ወደ ላይ ማንሳት ሲያቅተው አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ሁላችንም ዝም ነው የምንባባለው፤ እንደ መረዳዳት ነው።»

«እሱ ከሌለ ለውድድሩ ተራው ያንተ ነው አይደል?»

«እሱ ቢኖርም የእኔ ነበር ጋሼ። ቀኑ ሲደርስ መግፋት እንደማይችል ይታያል። ምን አስቸኮለኝ?»

እህትየው ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። መርማሪው ጉልበቱ እየተንቋቋ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳይጠይቃት። «ውሰዱኝ።»

«እንዴት ገደልሽው ልጄ?»

«በአፌ። ክንዱ ከተጎዳ ወዲህ ማታ ማታ እዚህ ቁጭ ብለን ሰዓቱን እንገፋለን። ቀን የሚሠራው ብረት ከመሬት መጎተትና በትከሻ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት ስለሆነ ማንም አልነቃበትም። ጠዋት ኮች ‹ስንት ገፋ?› ሲለኝ ከራሴ አውጥቼ እነግረዋለሁ። ትናንት ሰለቸኝ። ‹አንተ አልቆልሃል፣ ክንድህ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ላንተ ስል አልዋሽም› ብዬው ወጣሁ። እልኸኛ ነው። እኔን ሊያሳየኝ ነው የሞከረው።»

«ለቤተሰብ ተነገረ?»

«እናቴ ደወለች። ‹ከራስጌው ቆመሽ አልነበር?› ብቻ አለችኝ። ከዚያ ዘጋችው።»

መርማሪው ተነስቶ የቤቱን ወጌሻ ፍለጋ ሄደ።

ወጌሻው በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው ሁልጊዜ የቅባት ሽታ ያለው ሰው ናቸው። መታሻ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«የቀኝ ክንዱን ያውቁታል፣ አባቴ» አለ መርማሪው።

«እንዳላውቀው ነበር የተነገረኝ» አሉ። «ከእኔ በፊት የነበረው ወጌሻ አንድ ልጅ መጎዳቱን ተናግሮ በዚያው ቀን ነው ዕቃውን ይዞ የወጣው። ልጁም አብሮት። እኔ ደግሞ ብናገር ለልጁ ይብስበታል ብዬ...» ጣቶቻቸውን አፍታቱ። «ጡንቻ ምን ይመስልዎታል?»

«እኔን አይጠይቁኝ። እንደሚያዩት ብዙም አንተዋወቅም።»

ወጌሻው ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። «ገመድ በሉት። ሲፈቱት ክር ነው፤ ክሩን ሲፈቱት ደግሞ ሌላ ክር፤ ዓይን እስከማያየው ድረስ እንደዚያው ነው። መጨረሻው ላይ ወፍራምና ቀጭን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እንዲህ።» የሁለት እጆቻቸውን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ አገናኙና ቀስ ብለው አንዱን በአንዱ መካከል አንሸራተቱ። «ወፍራሞቹ ቀጭኖቹን እየቆነጠጡ ወደ መሐል ይስባሉ። ጣቶቼ አጠሩ?»

«አላጠሩም።»

«እጆቼ ግን ተቀራረቡ። ጡንቻ ሲኮማተር ይኸው ነው። መሳብ ነው ሥራው፤ መግፋት የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ብረት የሚገፉት በምንድን ነው?»

«በመሳብ። የክንድ ፊተኛው ጡንቻ ሲስብ ክርን ይታጠፋል፤ ኋለኛው ሲስብ ይዘረጋል። ኋለኛው ከክርኑ አጥንት ጋር በጅማት ነው የታሰረው። የልጁ ጅማት ተበጥሷል። ጡንቻው ይኮማተራል፤ ግን የሚስበው አጥንት የለውም። ያንን ብረት ይገፋ ይቅርና ከመስቀያው መንጠቆ አያላቅቀውም።»

መርማሪው በበሩ ስንጥቅ ወደ አስከሬኑ አየ። «አሁን እጆቹ ለምን ደረቁ?»

«ክሮቹ እንደተቆናጠጡ ስለቀሩ ነዋ። ለመላቀቅም ጉልበት ይጠይቃል። ነፍስ ስትወጣ ያ ጉልበት ያልቃል።»

መርማሪው አራቱንም ወደ አዳራሹ ሰበሰባቸው። አስከሬኑ ወጥቶ ነበር፤ ብረቱ ወለሉ ላይ እንዳለ ነው። አሰልጣኙ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ።

«ቶሎ በል» አለ። «ልጆቼ ውድድር አለባቸው።»

«ቶሎ እላለሁ። ይህ ሰው በብረት አልሞተም። ብረቱ ሲጫንበት ሞቶ ነበር፤ ሐኪሟ አረጋግጣለች። አንገቱ የተጨመቀው ከግራና ከቀኝ ነው። አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ አንገቱን በክርኑ መታጠፊያ ውስጥ አስገብቶ አጠፈው። ጡንቻ ሲኮማተር ያጥርና ይወፍራል፤ ባንዱ ወገን የላይኛው ክንድ፣ በሌላው ወገን የታችኛው። እንዲህ ያለ ክንድ እኔ የለኝም፤ እዚህ ያላችሁት ግን ከወጌሻው በስተቀር ሁላችሁም አላችሁ።»

እህትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ገዳዩ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አደጋ ለማስመሰል አስከሬኑን አስተኛ። ዘንጉ መስቀያው ላይ እንዳለ ዲስኮቹን ጫነበት፣ ከራስጌው ቆሞ ስቦ አነሳና ጉሮሮው ላይ አወረደው። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ያ ክንድ መግፋት እንደማይችል የሚያውቅ ሰው፣ ‹ሲገፋ ሞተ› የሚል ውሸት ይመርጣል? ክሬን ያውቃል። ወጌሻው ያውቃሉ። እህትየውማ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከመካከላቸው አንዱ ቢሆን ኖሮ ከትከሻ ላይ አምልጦት እንደወደቀ ያስመስል ነበር። ይህን ወንበር የሚመርጠው ክንዱን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

«ሊሞክር ይችላል» አለ አሰልጣኙ። «እህቱ ራሷ እልኸኛ ነው ብላለች፤ ስታወራህ ሰምቻለሁ።»

«የታመመ ክንድ የሚሞክር ሰው በባዶ ዘንግ ይጀምራል። ሆኖም እሺ ልበልህ። ልጄ፣ ከመጎዳቱ በፊት የገፋው ትልቁ ክብደት ስንት ነው?»

«መቶ ሰባ አምስት» አለች።

«ክሬን?»

«መቶ ሰባ አምስት ጋሼ። ሁላችንም እናውቃለን።»

«እዚህ ያለው ግን መቶ ሰማንያ ሁለት ተኩል ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ?»

ልጅቱ ወለሉ ላይ ያለውን ብረት ታየው ጀመር። ትልልቆቹን፣ መካከለኞቹን፣ ትንንሾቹን እየቆጠረች ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች።

«የእኔ ነው» አለች። «ትናንት ጠዋት ነው ያልኩት። ካልጨመርኩ ይነቃል ብዬ በጥቂት በጥቂት ስጨምር ነበር።»

«ለማን አልሽው?»

«ለኮች።»

«ለሌላ ሰውስ?»

«ማንም አልነበረም። ሌሎቹ ገና አልገቡም ነበር።»

«ለወንድምሽ?»

«ቁጥሩን እንዳልነግረው ከልክሎኝ ነበር። መስማቱ ያሳፍረዋል።»

መርማሪው ወደ አሰልጣኙ ዞረ። «ሟቹ ይህን ያህል ብረት ገፍቶ አያውቅም። ቁጥሩ የነበረው የእሷ አፍና ያንተ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ክንዱንም ቁጥሩንም ታውቃለች፤ እነዚህ ሁለቱ ክንዱን እንጂ ቁጥሩን አያውቁም። ቁጥሩን አውቆ ክንዱን የማያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። እንዳታውቅ ያደረግከው ደግሞ አንተው ራስህ ነህ።»

አሰልጣኙ ያጣመራቸውን እጆች ፈታ። ክሬን ምንም ሳይባል ሄዶ በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ረስቼው የሄድኩትን ቁልፍ ልወስድ ተመልሼ መጣሁ» አለ አሰልጣኙ። ድምፁ ሥልጠና የሚያዝ ይመስላል። «ብቻውን ቁጭ ብሏል። ‹ኮች፣ ለውድድሩ አልሄድም፣ በቃኝ› አለኝ። ለምን ስለው ዝም። ሦስቴ ጠየቅሁት። ሌላ ማሠልጠኛ ቤት ሊወስዱብኝ መሰለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቦርሳውን አነሳ።» እህትየውን አያት። «ክንዱ መሆኑን አንዲት ቃል ቢነግረኝ እኮ ዛሬ እዚህ ነበር። ለምን አልነገረኝም?»

ወጌሻው እጃቸውን በፎጣ ይጠርጉ ጀመር። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

መርማሪው ከልጅቱ ጋር ደረጃውን ወረደ። «እናትሽ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት። «አንቺ እንዳልገደልሽው ከእኔ አፍ ይስሙት።»

አንገቷን ነቀነቀች። መካከል ላይ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ አሞታል?»

መርማሪው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ ለብዙ እናቶችና ለብዙ ሚስቶች ሲሰጠው ኖሯል። ፊቷን ሲያይ ግን አፉ ላይ አልመጣለትም።

«አዎ ልጄ» አለ። «አሞታል።»

እጇን የደረጃው ብረት ላይ አድርጋ መውረዷን ቀጠለች።

«እናቴን ግን እንዲህ አይበሏት» አለች።