ችስ የማይል ካውያ

ይኼ ሰው የነገረኝ ወሬ አይደለም። በራሴ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደረሰብኝ ነው። ያላመነ ይተወው፤ ለምኜ አላሳምንም።

መጀመሪያ ግን የቆየ ቂሜን ልናገር።

ታላቅ እህቴ አብራኝ ትኖራለች። እትዬ ነው የምላት። ይኼን ሁሉ ዓመት ስተኛ ቀስቅሳኝ አታውቅም። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠራኝ አትቀሰቅሰኝም። ድስት ሲያር አትቀሰቅሰኝም። የታናሽ ወንድማችን አስከሬን ከቤት ሲወጣ እንኳ፣ «ስታለቅስ ነው ያደረችው፣ ትተኛ» ብላ ትታኝ ሄደች። አልቀበርኩትም።

«የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ነፍሱ ሩቅ ሄዳ ይሆናል» ትላለች።

«የኔ ነፍስ የት አባቷ ትሄዳለች? መሳፈሪያ የላትም» እላታለሁ።

ትስቃለች። አትቀሰቅሰኝም።

የምኖረው የሰው ልብስ እየተኮስኩ ነው፤ ቤቴ ድረስ ያመጡልኛል። የዚያን ቀን የሰፈሩን ዘበኛ ሸሚዝ ዘርግቼ ካውያውን እንዳሳረፍኩበት መብራት ጠፋ፤ ሬዲዮውም አብሮ ተዘጋ። ልጄ ጨቅላዋን ለኔ ትታ ሥራ ሄዳለች። ሕፃኗ ጓዳ ተኝታለች። እትዬ መስኮቱ ሥር ቁልፍ ትተክላለች።

መብራት እስኪመጣ ብዬ ወንበሬ ላይ ጋደም አልኩ።

ካውያውን ከሸሚዙ ላይ ሳላነሳ... ሶኬቱን ሳልነቅል...

ነቃሁ።

ሬዲዮው ያወራል። መብራት መጥቷል። የካውያው ቀይ መብራት በርቷል። ዘልዬ ተነሣሁና ካውያውን አንስቼ፣ ጣቴን በምራቄ አርጥቤ ሆዱን ነካሁት። እኛ ሙቀቱን የምንለየው እንዲህ ነው፤ ከጋለ ችስ ይላል።

ምንም አላለም።

በረዶ ነው።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ተበላሸ እንዴ?»

«ተኚ እንጂ። ምን አስነሣሽ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

እጇን አየሁ። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል... ክር የለውም።

ያኔ ገባኝ። አልነቃሁም።

ልጄ አንድ ጊዜ፣ ሕልም ላይ መሆኑን ያወቀ ሰው ሕልሙን እንደፈለገ ያዘዋል ብላኛለች። መብረር ሁሉ ይችላል አለች። እኔ ምን ልሁን ብዬ እበራለሁ? መንቃት ነው የፈለግኩት። ሬዲዮውን በሕልሜ የሰማሁት፣ እዚያ የተኛሁበት ቤት ውስጥ በእውነት ስለሚያወራ ቢሆንስ? እዚያም መብራት መጥቶ ከሆነ፣ እዚያ ያለው ካውያ በረዶ አይደለም...

«ንቂ» አልኩት ራሴን። «ንቂ፣ አንቺ ድንጋይ።»

ነቃሁ።

ወንበሬ። ሬዲዮው። ሸሚዙ። ጣቴን አርጥቤ ካውያውን ነካሁት።

ዝም።

አሁን ግን ሽታ አለ። የሚያር ጨርቅ ሽታ። ጠረጴዛው ላይ ጭስ አይታይም፤ ሽታው ግን ጉሮሮዬን ይዞኛል።

«እትዬ፣ ቀስቅሺኝ።»

«ቆመሽ እያወራሽ?»

«እዚህ አይደለም። እዚያ ያለሁትን። በእናታችን ይዤሻለሁ፣ እዚያ ያለሁትን ነቅንቂኝ።»

«ደክሞሻል» አለች በሹክሹክታ። «ተኚ።»

ከጓዳ የሕፃኗ ሳል ተሰማ።

ሮጥኩ። የጓዳው መጋረጃ በቦታው ተሰቅሏል። ገለጥኩት...

ግድግዳ ነው።

በር የለም። ሳሉ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። በጥፍሬ ቧጠጥኩ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። የገዛ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ቤቴ መግባት አቃተኝ።

ነቃሁ።

ጭስ። ዓይን የሚያቃጥል ጭስ። ሸሚዙ ጠቁሯል፤ የጠረጴዛው ልብስ ጠርዙ ይነድዳል። ጣቴን ወደ ካውያው ሰደድኩ።

ችስ።

ጣቴ ተቃጥሎ፣ በደስታ አለቀስኩ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ካውያውን አቆምኩት፣ የሚነደውን ጨርቅ ጎትቼ ረገጥኩት። ጓዳ ገባሁ። በሩ በቦታው ነው። ሕፃኗን አነሳኋት፤ ትተነፍሳለች።

ስወጣ እትዬ መስኮቱ ሥር ናት። ጭሱ መሃል። ቁልፍ ትተክላለች።

«እያየሽ ነበር?»

«አየሁ።»

«ቤቱ ሲነድ? ሕፃኗ ውስጥ እያለች?»

«የተኛ ሰው አይቀሰቀስም» አለች።

የስንት ዓመት ቂሜ አንድ ላይ ገነፈለ። ሕፃኗን በግራዬ አቅፌ፣ በቀኜ የእትዬን እጅ ያዝኩ። አልታገለችኝም። እንደ ልጅ ተከተለችኝ። ካውያው ገና እንደጋለ ነው፤ ወላፈኑ ፊቴን ይለበልበኛል።

መዳፏን ሆዱ ላይ ለጠፍኩት።

አዎ፣ አደረግኩት። ትጩህ ብዬ። አንድ ቀን እንኳ እሷ ትንቃ ብዬ።

ዝም።

ችስ አላለም፤ መዳፏም አልተቃጠለም።

እትዬ ቀና ብላ፣ አዝና አየችኝ።

ክንዴ ላይ ያለችው ሕፃን አፏን ገጥማ ተኝታለች...

ከጓዳ ግን ሳል ሰማሁ።