የአቦ ጽዋ በማሬ ቤት

የጭቃ ሹሙ የባዘዘው ሬሳ የተገኘው በ1930 ዓ.ም.፣ በኅዳር አቦ ዕለት ነው። ከአቦ ማኅበር ሲመለስ ከሮብ ገበያ በላይ ባለው አቀበት ላይ የኋላ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወድቋል። አጠገቡ የጎረቤቱ የድረስ ዱላ ተጋድሟል። ድረስና ባዘዘው በድንበር ሲካሰሱ መክረማቸውን አገር ያውቃል። የጣሊያኑ ሹም ለመጠየቅ እንኳ አልደከመም፤ ድረስን አስሮ «ማክሰኞ ጧት ይሰቀላል» ብሎ አስነገረ።

የድረስ እናት እመት የብርጓል ከግራዝማች ደምለው ደጅ ሄደው ወደቁ። ግራዝማች ጣሊያን እስኪገባ ድረስ ደብረ ማርቆስ በዳኝነት የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲያወራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የተኙ መስሎት የዋሸ ሁሉ ጉዱ ይፈላል።

«ልጄ አልገደለም፣ ግራዝማች!»

«የእናት ምስክርነት አይቆጠርም፣ እመት የብርጓል። ይነሡ፤ መጀመሪያ ሬሳውን ልየው።»

ሬሳው ገና አልተነሣም። ባዘዘው የተመታው ከኋላ ነው፤ ነገር ግን በጀርባው ተንጋሎ፣ ፊቱ በገዛ ጋቢው በወጉ ተሸፍኗል። ግራዝማች ብዙ ቆዩ። የገደለውን የሚያለብስ ሽፍታ አይተው አያውቁም። ይህን ያደረገ የሚያውቀው ሰው ነው፣ አሉ በልባቸው፤ ደስም አላላቸውም።

ከዚያ የዕለቱን ማኅበር በቤቷ ወደ ደገሰችው ወደ ማሬ ሄዱ።

«ማሬ፣ ማኅበርተኞቹ ዱላቸውን የት አኖሩት?»

«እንደ ወትሮው ከበሩ አስደገፉት። ድረስ ከሁሉ ኋላ ወጥቶ ዱላዬን ማን ወሰደብኝ ሲል ነበር። በመጨረሻ ባዶ እጁን ሄደ።»

«በሩ ላይ የቀረ ዱላ አልነበረም?»

«አንድም!»

«እንግዲያው የወሰደው ሰው ሲመጣ ዱላ አልያዘም። ባዶ እጃቸውን የመጡት ማን ማን ነበሩ?»

ማሬ አሰበች። «ቄስ አበረ መስቀላቸውን ብቻ ይዘው ነበር። ውበቱም ባዶ እጁን መጣ።»

ከማሬ ዘንድ ወጥተው ቄስ አበረን ደጃቸው ላይ አገኟቸው።

«አባ፣ ከማኅበሩ ወጥተው የት ሄዱ?»

«ቤቴ።»

«ጽዋው ለሁሉም ደረሰ?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። «ውበቱ ሆዴን አሞኛል ብሎ ሳይጠጣ አሳለፈው።»

ግራዝማች ዓይናቸውን ገለጡ።

ሰኞ ረፋድ በአቦ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከጽድ ዛፉ ሥር አገሬው ገዳዩን ለማውጣት ለአውጫጭ ተሰበሰበ። ግራዝማች መሐል ቆሙ።

«ድረስ አይደለም» አሉ። «በማኅበሩ ዕለት ጧት ሁሉ እያየ ከባዘዘው ጋር ታርቆ ጽዋውን ጠጥቷል። ዱላውም ከመሄዱ በፊት ተወስዶበታል። የወሰደው ዱላ ሳይዝ ከመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ማሬ፣ ሆዱን ያመመው ውበቱ ምን በላ?»

«ዶሮውን ጠራርጎ! ደግሜ ጨመርሁለት።»

«ከጽዋው ብቻ ነው የሸሸው። በአቦ ማኅበር ቂም ይዞ የሚጠጣ እንደሚቀሠፍ ሁላችን እየሰማን አድገናል። ቄስ አበረ ጠጥተዋል። ውበቱ፣ ከባዘዘው ጋር ቂም የለኝም ብለህ በአቦ ማል።»

ውበቱ ተነሣ። ከንፈሩ ደርቋል።

«በአቦስ አልምልም» አለ። «ወንድ ልጄን እንዳላማውን ለጣሊያን ጠቁሞ ያስገደለው ባዘዘው ነው፤ አማኑኤል ላይ ረሸኑት። የቀረችኝ ሴት ልጄ ታየች ብቻ ናት። ጽዋውን ጠጥቼ ብገድለው ቅሥፈቱ በእሷ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ስወጣ እጄ የገባውን ዱላ ያዝሁ። የድረስ መሆኑን የሰማሁት ከታሰረ በኋላ ነው። እጄን ልሰጥ ሦስት ጊዜ ወደ ጣሊያኑ ምሽግ መንገድ ጀምሬ ተመለስሁ።»

«ፊቱን ለምን ሸፈንኸው?»

«የማኅበር ወንድሜ ነበር፣ ግራዝማች።»

ግራዝማች አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ለጣሊያን አሳልፌ አልሰጥህም። ግን ድረስ ነገ ይሰቀላል።»

ውበቱ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ምሽጉ ቁልቁለቱን ወረደ። ልጁ ታየች እየጮኸች ተከተለችው። ያገደው ሰው አልነበረም።

ግራዝማች ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ጽዋ ያሳለፈን ሰው ከማን ተጣላህ ብሎ ጠይቆ ማስታረቅ የማኅበሩ ሥርዓት ነው። ለምን አልጠየቁትም?»

«ባዘዘው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። በእንዳላማው ጉዳይ ማን ይናገራል? ፈራሁ።»

ከሕዝቡ መካከል ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ።

ከቀትር በኋላ ድረስ ተፈትቶ መጣ። በእሱ ፈንታ ማን እንደገባ ሲነግሩት መንገዱ ላይ ተቀመጠ።

«በማኅበሩ ከውበቱ ጎን የነበርሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጽዋውን ሳይቀምስ ነው ያቀበለኝ። አየሁት፤ ተቀብዬ ጠጣሁና ዝም አልሁ።»

እመት የብርጓል ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ። ታየች ግን ከምሽጉ በር ገና አልተመለሰችም።